ሁለት ዱላ በልኬ

ጫማ ሲጠብ እግር ይናገራል፤ ዱላ ሲረዝም ግን የሚናገረው ጎረቤት ነው። ይህን አባባል ከአባቶቼ አልሰማሁትም። ቡሪ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ ግንባሬ ላይ እባጭ ይዤ ተቀምጬ፣ ራሴ ያወጣሁት ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ብዙ አልቆምኩም። ቁርአን ቀርቻለሁ፣ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የተመታሁት ቦታ ሁሉ ነው። እንግዲህ ጊዜ ካላችሁ አረፍ በሉና ስሙኝ። ጊዜ ከሌላችሁም አረፍ በሉ፤ እኔ እንደሆነ ቶሎ አልጨርስም።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ውስጥ ሞባይል በየሰው ኪስ ከመግባቱ በፊት ነው። ያኔ ሰው መልእክት ቢኖረው በእግሩ ሄዶ ነበር የሚናገረው። እኔ ቡሪ ውስጥ የአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ቤት ገፊር ነበርኩ። ገፊር ያው ዘበኛ ነው፤ ሌባ ሲመጣ የሚነቃ፣ ሌባ ካልመጣም የሚተኛ። በሩ አጠገብ አንዲት ክፍል ተሰጥታን እኔና ባለቤቴ ዘሃራ እንኖርባታለን። ልጅ አልወለድንም። ይሁን እንጂ ጁሙዐ በመጣ ቁጥር ያቺ ክፍል መፈናፈኛ የላትም። በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች እረፍታቸውን እኛ ዘንድ ነበር የሚያሳልፉት። ጸጉር ይሠራራሉ፣ ይጣላሉ፣ ሳይመሽ ይታረቃሉ። እኔም መሐላቸው ቁጭ ብዬ ስለ ጎረምሳነቴ አወራለሁ። የሽማግሌ ወሬ እንደ አሮጌ ጀለቢያ ነው፤ ባጠቡት ቁጥር ይሰፋል።

ከነዚህ ልጆች አንዷ ከድጃ ናት። ከድጃ እናት አባቷን በልጅነቷ ያጣች፣ ካርቱም ብቻዋን የመጣች፣ ሳቋ ግን ሰባት ወንድም እህት ያላት የሚያስመስላት ልጅ ናት። አዳም የሚባል የኦምዱርማን ልጅ፣ የአምጃድ ሹፌር፣ በዚያች ትንሽ የኪራይ መኪናው ገበያ ሲያመላልሳት ወደዳት። እሷም ወደደችው። ሁሉ ነገር ደግ ሆኖ ሳለ የአዳም አክስት ሐጃ ነፊሳ መሐል ገባች። እሷ ናት አዳምን ያሳደገችው። ከድጃን ከላይ እስከ ታች አየቻትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ናሳ ወይን?» አለች። ሰዎቿ የት አሉ ማለቷ ነው።

ከድጃ በዚያው ዕለት አንገቷን ደፍታ መጣች።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ሰው የሌላት ልጅ፣ ባል ቢያስከፋት ማን ዘንድ ትሄዳለች? ማንስ ይጠይቅላታል? አለችኝ።»

«አንቺስ ምን መለስሽ?»

«አባት አለኝ አልኳት።»

«ደግ ብለሻል።»

«አባቴ በአገራችን በሁለት እጁ ሁለት ዱላ የሚያሽከረክር፣ እሱ ያልገባበት ሠርግ የማይደምቅ ሰው ነው አልኳት።»

«እንዲያው ይቺን እንኳ ብትተያት...»

«አንቱ አይደሉ እንዴ ያሉን?»

ዘሃራ ከበሩ ወዲያ ሆና ሳቋን ስታፍን ሰማኋት።

«ብያለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ሠርጉ ላይ ይምጣና እንየው አለችኝ። አባዬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ሰው እንዳለኝ ትይልኝ።»

ውሸት እንዳይመስላችሁ። በመንደራችን ሠርግ ላይ ሁለት ዱላ የሚያሽከረክር ጎረምሳ አይጠፋም ነበር፣ አንዱም እኔ ነበርኩ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ፣ መሐል መሐላቸውን ይዞ እንደ ወፍጮ ማዞር ነው። አንዱ በብብት ሥር ሲያልፍ ሌላው ከራስ በላይ ይወጣል። ነገር ግን ዱላዎቹ ምን ያህል ይረዝሙ እንደነበር አላውቅም። ማን ይለካል? ሰው የራሱን አፍንጫ ይለካል እንዴ? ከኔ ጋር ያደጉ ዱላዎች ነበሩ፤ ከዚያ እኔም ሄድኩ፣ እነሱም ቀሩ።

መጀመሪያ በቤት ያለውን ሞከርኩ። በቀኝ እጄ ከዘራዬን፣ በግራ እጄ የመጥረጊያውን እንጨት ያዝኩ። ጀመርኩ። የመጥረጊያው እንጨት ቀላል ነውና ቸኮለ፤ ከዘራው ከባድ ነውና ዘገየ። አንዱ እግር ሮጦ ሌላው ሲያነክስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያ ሆነ። በመጨረሻ የከዘራው ቆልማማ ራስ የጀለቢያዬን አንገትጌ ያዘና ወደ ኋላ ጎተተኝ። ራሴን በራሴ እጅ ከፍንጅ ያዝኩ ማለት ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለች ዘሃራ፣ «ሌባ ስትይዝ ያላየሁህ ዛሬ ያዝክ!»

ሁለቱ ዱላዎች እኩል መሆን እንዳለባቸው ያን ቀን ገባኝ። እኩል ምን ያህል? እሱን ልጠይቅ ወደ አያ ሰይድ ሄድኩ። አያ ሰይድ የአገሬ ልጅ፣ ጫማ የሚጠግን፣ የማያውቀው ነገር ሲጠየቅ ድምፁ የሚጎላ ሰው ነው።

«ዱላ ማለት ደረት ድረስ ነው!» አለ መዶሻውን ጥሎ። «ከደረት ያነሰ መፋቂያ ነው።»

«ለሁለት እጅም?»

«ለሁለት እጅማ የባሰ! አያ፣ አንተ ስታረጅ ሁሉ ነገር ያጠረ መሰለህ እንዴ? ሦስት ክንድ አሠራ። አንገሬብ የሚሠሩት ዘንድ ሂድ፤ የነሱ እንጨት ጽኑ ነው።»

ሦስት ክንድ። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ። እኔም በልቤ ይዤ ኦምዱርማን ገበያ ሄድኩ። አንገሬብ የሚባለውን የጠፍር አልጋ የሚሠሩት ሰዎች በአንድ ወገን ተደርድረዋል። ከነሱ መሐል የአንዱን ፊት ወደድኩና ጠጋ አልኩ።

«ኡስታ፣ ሁለት ዱላ ሥራልኝ። ሦስት ሦስት ዲራዕ።» ኡስታ በነሱ የእጅ ባለሙያ፣ ዲራዕ ደግሞ ክንድ ነው።

«ለድንኳን ነው?» አለኝ።

«ለእጅ ነው።»

«ለማን እጅ?» አለና ስቆ ተነሳ። ሲነሳ ነው ያየሁት። ሰውየው ተቀምጦ ከኔ እኩል ነበር፤ ሲቆም ፀሐዩን ጋረደኝ። ክንዱን ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ብትዘረጉት ግልገል ታስተኙበታላችሁ። በዚያ ክንድ እንጨቱን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ለካ። በኛ አገር ጨርቅ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ጓደኛውን ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው፤ ያን ብልሃት እያወቅሁ፣ ለዱላ ግን ረጅም ክንድ ጠላት መሆኑን እዚያው ቆሜ አላሰብኩትም። ዙሁር ሰግጄ ስመለስ ሁለቱ ዱላዎች በገመድ ታስረው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቁልቁል አዩኝ። ከራሴ በላይ አልፈዋል።

ያን ጊዜ «ኡስታ፣ ረዘመብኝ» ማለት ነበር። ነገር ግን እኛ ሰዎች ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብን። ሰውየው በላብ ተነክሮ፣ እንጨቱን በእጁ እያሻሸ፣ «ኩወይስ?» ደግ ነው? ብሎ እንደ ልጅ ፈገግ ሲልብኝ፣ እንዴት አድርጌ አፌን ልክፈት? «ኩወይስ ጂደን» አልኩት። በጣም ደግ። እንዲያውም መረቅኩት። የማይሆን ዕቃ ተሸክሞ የሚመርቅ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አገራችን ብዙ አላት።

የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ መሐል ከተማ ደረስኩና ወደ ቡሪ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጀሪፍ የሚሄደውን ሐፍላ ያዝኩ። ሐፍላ ያቺ ትንሽ አውቶቡስ ናት፤ ሰው ሁልጊዜ ከወንበሩ ይበዛባታል። ዱላዎቹን በመተላለፊያው ከፊት እስከ ኋላ በትከሻዬ ይዤ ቆምኩ። ትንሽ እንደሄድን አንዱ የቆመ ሰው ተደገፈው። ሌላው ያዘው። አንድ ጎልማሳ የቲማቲም ፌስታሉን ሰቀለበት። አንዲት ትልቅ ሴትዮ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ራሳቸውን ደገፍ አድርገው፣ ዐይናቸውን ከደኑ። ቡሪ ደረስን።

«ሂና! እዚህ ነኝ!» አልኩ።

«ያላ፣ ያ ሐጅ፣ ውረድ!» አለ ገንዘብ ሰብሳቢው።

ዘወር ብዬ ሳይ ሴትዮዋ ተኝተዋል። ዱላውን ብስብ ይወድቃሉ። ልቀስቅሳቸው? እናቴን ያህላሉ ልል ነበር፤ ኋላ ሳስበው እኩያዬ ነበሩ። ብቻ አልቻልኩም።

«ቡሪ አይደለህም እንዴ?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ዱላው ጀሪፍ ነው የሚወርደው» አልኩት።

ሐፍላው በሙሉ ሳቀ፤ ሴትዮዋ ግን አልነቁም። ጀሪፍ ሲደርሱ ነቅተው፣ «አላህ ይባርክህ ልጄ፣ ጥሩ መኪና ነው» ብለውኝ ወረዱ። እኔም ከጀሪፍ እስከ ቡሪ ያን መአት ተሸክሜ በእግሬ ተመለስኩ። በመንገዱ ያለ ውሻ ሁሉ ለሱ የመጣሁ መስሎት አጀበኝ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆሜ ቢስሚላህ አልኩ። የቀኙን አዞርኩት፤ ታችኛው ጫፉ መሬት ቧጥጦ አቧራውን ዐይኔ ውስጥ ሞጀረ። የግራውን አዞርኩት፤ ላይኛው ጫፉ የኒሙን ቅርንጫፍ መትቶ ቅጠል አራገፈብኝ። ደግሞ እንሞክር ብዬ አብሬ ሳዞራቸው ሁለቱ እንደ ጣውንቶች አየር ላይ ተገናኙ። አንዱ ተመልሶ ግንባሬን አለኝ። ሌላው ከእጄ አምልጦ፣ መንገደኛ እንዲጠጣ በር ላይ የተቀመጠውን ዚር፣ ያን ትልቅ የውሃ እንስራ፣ ሆዱን መታው። ውሃው እግሬን አጥቦ ወደ መንገድ ወጣ።

ጌታው ከላይ በመስኮት ብቅ አሉ። «ሌባ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም፣ ያ ሐጅ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትደባደበው?»

«ከልኬ ጋር ነው» አልኩ።

«ማን አሸነፈ?» አሉና መስኮቱን ዘጉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ስለ ዚሩ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

አያ ሰይድ ሊጠይቀኝ መጣ። እባጬን አይቶ፣ «ይቆረጥ» አለ። ዱላውን ማለቱ ነው። መጋዝ አመጣን። «አንዱን መጀመሪያ በልክ አድርገን ሌላውን በሱ እንለካለን» ተባባልን፤ የሁለት ሽማግሌ ብልሃት። ከቀጭኑ ጫፍ ቆረጥን። መሐሉን ይዤ ሳዞረው ወደ ወፍራሙ አደላ። ከወፍራሙ ቆረጥን። አሁን ወደ ቀጭኑ አደላ። «ትንሽ ከዚህ» ይላል ሰይድ። «ትንሽ ከዚያ» እላለሁ እኔ። መሐል ያልነው ቦታ ሁልጊዜ ሸሽቶ ሌላ ጋ ይገኛል። ዳኛ ሆናችሁ ሁለት ጎረቤት ስታስታርቁ፣ አንዱን ስታስደስቱ ሌላው ያኮርፍ የለ? እንዲያ ነው። በመጨረሻ ሚዛኑ ልክ መጣ። አልሐምዱሊላህ ብለን ቀና ስንል ዱላው ስንዝር ከምናምን ሆኗል።

ዘሃራ አነሳችው። አገላበጠችው።

«ዘነዘና ስፈልግ ነበር» ብላ ይዛው ገባች።

አያ ሰይድ ወደ ሁለተኛው ዱላ እጁን ሲዘረጋ ዘሃራ ከውስጥ ጮኸች፤ «እሱን የነካ ሰው ዛሬ ራት የለውም!» መጣችና ዱላውን አቅፋ ቆመች። ከዚያ የሻሽ ክር አወጣች። «እጅህን ወደ ታች ልቀቅ። ጨብጥ።»

«ለከፈን ነው የምትለኪኝ?»

«አሁን በያዝከው አያያዝ እሱም አይቀርም። ዝም በል።» ክሩን ከጭብጤ እስከ ብብቴ ሳበችው። «ዱላውን መሐሉን ከያዝክ ግማሹ በብብትህ ሥር ማለፍ አለበት። ከዚህ ከረዘመ ብብትህን ይወጋሃል። ደግሞ እጅህን ስታወርድ መሬት እንዳይነካ፣ ቅልጥምህን እንዳይልህ። አይደለም?»

አያ ሰይድ መጋዙን መሬት አስቀመጠ። ሰው ለኮት ትከሻውን፣ ለሱሪ ወገቡን ያስለካል፤ እኛ ግን ዱላውን ብቻ እየለካን ሰውየውን ረስተነው ነበር። ከክሩ ለማለፊያ አራት ጣት ቀነሰች፣ ርዝመቱን እጥፍ አደረገችና በዚያ ከራሴ በላይ በሚረዝመው ዱላ ላይ ዘረጋችው። ማሻአላህ! ዱላው ለሁለት ቢገመስ አንድ አንዱ በልኬ ነው። ወገቤ ድረስ። ያ ግዙፍ ኡስታ ሳያውቀው በአንድ እንጨት ሁለት ሠርቶልኝ ኖሯል። መሐሉን ቆረጥነው።

አንዱ ቁራጭ ከወፍራሙ ወገን ስለመጣ ትንሽ ከበደ። ሰይድ መጋዙን አነሳ፤ ዘሃራ ዐይኗን አነሳች፤ ሰይድ መጋዙን አስቀመጠ። በቀላሉ ዱላ መጨበጫ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ጨርቅ ጠቀለልንበት። ክብደቱ ደረሰ፣ ሚዛኑም አልተነካ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ከኒሙ ሥር እለማመድ ጀመር። አንዱ በብብቴ ሥር ሹልክ ሲል፣ ሌላው ከራሴ በላይ ሲወጣ፣ ወላሂ፣ የመንደራችን አቧራ ሸተተኝ። ጌታውም በመስኮት ያዩኛል። አንድ ቀን «ዛሬ አንተ አሸነፍክ» አሉኝ።

ሠርጉ ደረሰ። አዳም በአምጃዱ ወሰደን። የኦምዱርማኑ ግቢ ሰው በሰው ሆኗል። ወንዶቹ ዱላቸውን ሰማይ ላይ እያነቀነቁ፣ ጣታቸውን እያስጮኹ፣ «አብሺር! አብሺር!» ይላሉ ለሙሽራው፤ ደስ ይበልህ፣ አለንልህ እንደማለት ነው። ሴቶቹ ደሉካ የሚባለውን የሸክላ ከበሮ ይዘዋል። በአዳም ወገን አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ጎረቤት ሞልቷል። በከድጃ ወገን እኔና ዘሃራ፣ አያ ሰይድ፣ እንዲሁም ከአሠሪዎቻቸው ፈቃድ ለምነው የመጡ የወሎ ልጆች ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። ሐጃ ነፊሳ ምንጣፍ ላይ፣ ከፊቷ የተምር ትሪ አስቀምጣ፣ ቶብ የሚባለውን የሴቶች መጎናጸፊያዋን አጣፍታ፣ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች።

«የከድጃ አባት የትኛው ነው?» አለች። «ይግባ እንየው።»

ከድጃ በቀይ ሻሽ ተሸፍና ከአዳም ጎን ተቀምጣለች። ፊቷ አይታይም። ጣቶቿ ግን ሲጨባበጡ አየሁ። እጅጌዬን ጠቅልዬ ገባሁ።

ቀኙ ዞረ። ግራው ተከተለ። በብብት ሥር፣ ከራስ በላይ፣ በፊት፣ በኋላ። ንፋሱ ጺሜን ነካኝ። «ያ ሰላም!» አለ አንዱ ሽማግሌ። «አብሺር!» አሉ ወንዶቹ፤ አሁን ለኔ ነው። ወላሂ ዕድሜዬ ከትከሻዬ ላይ ወርዶ በር ላይ ጠበቀኝ። መከራው የመጣው ከበሮ መቺዋ ስለወደደችኝ ነው። አፈጠነች። እኔም አፈጠንኩ። ደግማ አፈጠነች። «ቀስ በይ» እንዳልላት ያው ይሉኝታ ያዘኝ። ላቤ በክንዴ ወርዶ ያቺን ጨርቅ የተጠቀለለባትን መጨበጫ አራሳት። ዱላው ሙልጭ አለ።

በሙሽራው ራስ ላይ ዞሮ አለፈ። እየተሽከረከረ፣ ለራሱ እየዘፈነ፣ ሄዶ ሐጃ ነፊሳ ፊት የተምሩ ትሪ ላይ አረፈ። ተምሩ ቶቧ ላይ፣ ጭኗ ላይ፣ ጸጉሯ ላይ ዘነበ።

ከበሮው ቆመ። ሐጃ ነፊሳ ዱላውን አነሳች፤ ቀስ ብላም ቆመች።

«ይህ ሽማግሌ የማን ነው?» አለች።

የከድጃ ነገር አበቃ አልኩ በልቤ። የማንም አይደለሁም፣ ገፊር ነኝ፣ ልጅቱ የለችበትም ልል አፌን ስከፍት፣ ሙሽራ መናገር በማይገባት ሰዓት ከድጃ ሻሿን ገለጠች።

«አቡይ!» አለች። አባቴ ነው!

«የኔም አባት ነው!» አለች አንዷ ከግድግዳው።

«የኔም!»

«አቡይ አና!» «የኛ ነው!» እያሉ ልጆቹ ሁሉ ግድግዳውን ለቀው ወረዱብኝ። አንዷ የወደቀ ቆቤን ታነሳለች። አንዷ ላቤን በነጠላዋ ትጠርጋለች። «ተመቱ እንዴ አባዬ?» ትላለች አንዷ። «ቀስ ይበሉ አላልንዎትም?» ብላ ትቆጣኛለች ሌላዋ፤ አላለችኝም ነበር። ሁለቱ ደግሞ ሐጃ ነፊሳን በሁለት ወገን ይዘው፣ «መዓሌሽ፣ ይቅርታ እናታችን» እያሉ ተምሩን ከቶቧ ላይ ይለቅማሉ። አያ ሰይድ እንኳ ከኋላ፣ «እኔም ወንድሙ ነኝ!» ሲል ሰማሁት፣ ድምፁን አጉልቶ።

ሐጃ ነፊሳ ልጆቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አንድ ቦታ አልቆም ስላሏት ተወችው።

«እነዚህ ሁሉ ያንተ ናቸው?» አለችኝ።

ዘሃራን አየኋት። ዘሃራ አየችኝ።

«ሁሉም አልመጡም፣ ሐጃ» አልኳት። «ሥራ ላይ ፈቃድ ያጡ አሉ።»

ወደ አዳም ዞረች። «ሰማህ አንተ ልጅ? ይህችን ያስከፋሃት ቀን እነዚህ ሁሉ ናቸው ደጃፌ ላይ የሚቆሙት። እኔ አላውቅህም።» ከዚያ ሳቋ መጣ። ከሆዷ ጀምሮ ቶቧን እያንቀጠቀጠ ወጣ፤ ከበሮ መቺዋም ሳቁን ተከትላ መምታት ጀመረች። «የሙሽራዋ ሰዎች ቆመው ይታያሉ እንዴ?» ብላ ወደ ቤት ጮኸች። «ምንጣፍ አምጡ! ጨምሩ!»

አመጡ። ጨመሩ። አልበቃንም።